ነሐሴን ለሚያዝያ መቀየር፦ የአንድ ቤተሰብ የሲሼልስ የሸራ ጀልባ ዕረፍት እንዴት ታቀደ

ጉዳዩ የሦስት ሰዎች ነው። እናት፣ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ። እናት ለረጅም ዓመታት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ዋና አይችሉም፣ ባሕርም በዓይናቸው አይተው አያውቁም። የሚኖሩት አራት ኪሎ ነው። ሴት ልጃቸው ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች፤ ወንድሟ ኢንጂነር ነው። ልጆቹ ለእናታቸው ያሰቡት ስጦታ ሞቃት ባሕር፣ የሸራ ጀልባና ከደሴት ደሴት እየተዘዋወሩ ማረፍ ነበር። አገሩንም መርጠው ነው የመጡት፤ ሲሼልስ።

እኔ የምተዳደረው የሰው ጉዞ በማቀድ ነው። ቢሮዬ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው። ጉዳዩን የምጽፈው ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ነው፤ ስም አልጠቅስም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ላይ ማረፍ የሚፈልግ ሰው እየበዛ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀኝም ሁልጊዜ ስለ ዋጋና ስለ ደሴት ብዛት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ንፋሱ እጠይቃለሁ። የዚህ ቤተሰብ ዕቅድ ደግሞ ምክንያቱን በደንብ ያሳያል።

ይዘውት የመጡት ዕቅድ

የመጡት በ2017 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ነው። በእጃቸው ሁለት የተወሰኑ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ወሩ፤ ነሐሴ። አዲስ አበባ በዝናብና በጭቃ ሲሰለች ወደ ፀሐይ መሸሽ። ሁለተኛው ኢንተርኔት ላይ ያገኙት ማስታወቂያ፤ በ7 ቀን 9 ደሴት ያሳያል። ሴት ልጅየዋ ስልኳ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ፎቶዎቹ ያምራሉ።

ነሐሴ በሲሼልስ ዝናባማ ወር አይደለም፤ እንዲያውም ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ችግሩ ንፋሱ ነው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ የደቡብ ምሥራቅ ንፋስ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። በጣም የሚበረታው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ከምትገኝበት ከማሄ ደሴት ወደ ፕራስሊን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፕራስሊን ከማሄ በስተሰሜን ምሥራቅ ስለሆነች የነሐሴው ንፋስና ማዕበል ጀልባውን ከጎን ነው የሚመታው። የሸራ ጀልባ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል። ባሕር የለመደ ሰው ይህን ይወደዋል። ባሕር አይተው ለማያውቁ፣ የግፊት ሕመም ላለባቸው እናት ግን የዕረፍቱ የመጀመሪያ ቀን በማስመለስ ያልቃል ማለት ነው።

ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ደግሞ ንፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። ሙቀቱና ወበቁ ይጨምራል፣ ዝናቡም ይበዛል። ዋናዎቹ ደሴቶች ለምድር ወገብ ቅርብ፣ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ የሳይክሎን (ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ) መንገድ ላይ አይደሉም። ቢሆንም ለእረፍት ብሎ ለሚሄድ ሰው የምመርጠው ወቅት አይደለም።

በሁለቱ ንፋሶች መካከል ሁለት አጭር መሸጋገሪያዎች አሉ። አንዱ ሚያዝያና የግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ሌላው ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ። ያኔ ባሕሩ ይረጋል፣ ውኃው ይሞቃል፣ ከውኃ በታች ያለውም ከየትኛውም ጊዜ በላይ ጥርት ብሎ ይታያል።

ሚያዝያ እንዴት ተመረጠ

እዚህ ላይ የእናትየው የቀን አቆጣጠር አገዘን። ነሐሴ ከ1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው። እሳቸው ፍልሰታን አጥብቀው ይጾማሉ። ልጆቹ ይህን ሳያስቡት አይደለም፤ ከ16 በኋላ እንሄዳለን ብለው ነበር።

ሚያዝያን ስናይ ግን ነገሩ ሁሉ በአንድ ላይ ገጠመ። የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ ጀልባው ላይ የጾም ምግብ ማዘጋጀት፣ ዓሣ ይበላል አይበላም ብሎ መከራከር የለም። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፤ ሐሙስ ዋለ። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው፤ ሰኞ ዋለ። ሚያዝያ 21 ሄደው ሚያዝያ 29 ቢመለሱ ልጆቹ ከዓመት ፈቃዳቸው የሚያወጡት 5 የሥራ ቀን ብቻ ይሆናል።

መመለሻው ላይ የወሰኑት እናትየው ናቸው። ግንቦት 1 ልደታ ነው። ድሮ ካዛንቺስ ይኖሩ የነበሩና አሁን በየሰፈሩ የተበተኑ ወዳጆቻቸው በዚያ ቀን እሳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። «ልጄ፣ ለልደታ ካልደረስኩ ባሕሩ ይቅርብኝ» አሉኝ። የጉዞው መጨረሻ በዚህ ተቆረጠ፤ ተገቢም ነበር።

የጠፋ ነገርም አለ፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ንፋስ ሲረጋ ሸራ አይነፋም። በሚያዝያ ጀልባው ብዙውን ጊዜ በሞተር ነው የሚሄደው። ወንድ ልጅየው በሸራ መሄድን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ነገርኩት። ለአንድ ቀን ያህል ቅር ብሎት ቆየና «የእማዬ ጉዞ ነው» ብሎ ተስማማ።

ዘጠኝ ደሴት ወይስ ሦስት

ሲሼልስ 115 ደሴቶች አሏት። በ7 ቀን 9 ደሴት ማለት በየቀኑ መልሕቅ መንቀል፣ በየቀኑ ወደ ጎማ ጀልባ መውረድ፣ በየቀኑ እርጥብ ጫማ ማለት ነው። ከትልቁ ጀልባ ወደ ትንሿ መውረድ ራሱ ለጉልበት ከባድ ነው፤ ሁለቱም ይወዛወዛሉ። እናትየውን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። «እኔ ደሴት መቁጠር አልፈልግም፤ ቁጭ ብዬ ማየት ነው የምፈልገው» አሉ።

ስለዚህ ሦስት ደሴት ላይ ቆረጥን፤ ፕራስሊን፣ ኪዩሪዩዝና ላ ዲግ። ማሄ መግቢያና መውጫ ብቻ ናት። ሦስቱ እርስ በርሳቸው በጣም ይቀራረባሉ። ከፕራስሊን ወደ ላ ዲግ በመርከብ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ኪዩሪዩዝ ደግሞ ከፕራስሊን ዳርቻ ሆነው የሚያዩዋት ናት።

የዕቅዱ ዋና ውሳኔ ከዚህ መጣ። የሸራ ጀልባውን ከማሄ አላስነሳነውም። ማሄ አንድ ሌሊት አደሩ፤ ከዚያ ወደ ፕራስሊን በትልቁ የመንገደኛ መርከብ አንድ ሰዓት ያህል ሄደው ሁለት ሌሊት በእንግዳ ማረፊያ። ጀልባው የሚቀበላቸው እዚያው ፕራስሊን፣ ቤ ሴንት አን ወደብ ላይ ነው። ጀልባ ላይ ሦስት ሌሊት፣ ላ ዲግ አንድ፣ ማሄ አንድ። ጠቅላላው 8 ሌሊት። እንዲህ ሲሆን ረጅሙ የባሕር መንገድ በትልቅ መርከብ ያልፋል፤ የሸራ ጀልባው ደሴቶቹ በሚከላከሉት ውኃ ውስጥ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወጪውም ቀነሰ። ከሁሉም ነገር ውድ የሆነው ጀልባው ነውና ከሰባት ሌሊት ወደ ሦስት መውረዱ በጀቱን ሙሉ በሙሉ ቀየረው።

ጀልባው ካታማራን ነው፤ ሁለት ጎን ለጎን የተጣመሩ አካላት ያሉት። ባለ አንድ አካሉ የሸራ ጀልባ ንፋስ ሲገፋው ወደ ጎን ያጋድላል፤ ካታማራን ብዙም አያጋድልም፤ ወለሉ ሰፊ ነው፣ ደረጃውም ዝቅ ያለ ነው። ከሌሎች መንገደኞች ጋር በካቢን የሚከራይም አለ፤ ይረክሳል። ግን መንገዱ የተወሰነ ነው፤ እናትየው ደክሟቸው «ዛሬ እዚሁ እንዋል» ቢሉ የሚሰማቸው የለም። ለእነሱ ካፒቴንና ምግብ አብሳይ ያለው ትንሽ ጀልባ ለብቻቸው ተያዘ። ውል ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ የጠየቅኳቸው ነገሮች አሉ። ነዳጅ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? የባሕር ፓርክ መግቢያን ማን ይከፍላል? ካፒቴኑ በመንገደኛው ጥያቄ መንገድ መቀየር ይችላል ወይ? ብንሰርዝ ከቀብዱ ስንት ይመለሳል? ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲሼልስ በሰውና በአዳር የሚከፈል የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ አለ፤ እሱም ተለይቶ እንዲጻፍ አደረግን።

ወረቀትና ገንዘብ፤ ቅደም ተከተሉ

ሲሼልስ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። ሰው ይህን ይሰማና ምንም የማያስፈልግ ይመስለዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ አለ፤ ከመነሻው በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ ይጠየቃል፣ ይከፈልበታል። የመመለሻ ትኬትና የማደሪያ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ያለ እሱ ቦሌ ላይ አያሳፍሩም።

ከዚያ የቢጫ ወባ ክትባት። ኢትዮጵያ በሽታው ሊተላለፍባቸው ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ቢጫ ካርዱ ግዴታ ነው። ክትባቱ ከጉዞ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ላይ ግን ክትባቱ አልፎ አልፎ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ማየት አለበት። ይህን ብዙ ሰው አይነግርም፤ ለሽማግሌ ወላጅ ጉዞ ሲታቀድ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። እናትየውን የግፊት ሐኪማቸው አይቶ ፈቀደላቸው። በየካቲት ውስጥ ነበር፤ በቂ ጊዜ ነበረን።

ገንዘቡ ላይ የቸገረው ቅደም ተከተሉ ነው። የጀልባው ባለቤት ቀብድ በዩሮ ይፈልጋል። ባንክ የውጭ ምንዛሪ የሚሰጠው ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬት አይቶ ነው። ትኬት ለመቁረጥ ደግሞ ጀልባው መያዙን ማወቅ አለብህ። የፈታነው እንዲህ ነው። ጀልባው ለጥቂት ቀናት ያለ ቀብድ እንዲያዝ በጽሑፍ ተስማማን። ትኬቱን ቀኑ የሚቀየር ዓይነት አድርገን በብር ቆረጥን። ሴት ልጅየዋ ትኬቱን ይዛ ባንክ ሄደች፤ ምንዛሪው በዓለም አቀፍ ካርድ ላይ ተሞላ፤ ቀብዱ በካርዱ ተከፈለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ለመንገደኛ ምንዛሪ ማግኘት ከበፊቱ ቀሏል። ግን ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በ2017 አጋማሽ ከ120 ብር በላይ ነበር። የጀልባውን ሌሊት ያሳጠረው አንዱ ይህ ነው።

በአገር ውስጥ የተደረገው ሙከራ

ለባሕር አዲስ የሆነ ሰው ሰውነቱ ምን እንደሚል ሳያውቅ ለሦስት ሌሊት ጀልባ መክፈል የለበትም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ወደ ባቱ ወረዱ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ቱሉ ጉዶ ደሴት አለች፤ በላይዋ የደብረ ጽዮን ገዳም፤ ታቦተ ጽዮን በስደት ጊዜ እዚያ ቆይታለች ተብሎ በትውፊት ይነገራል። እናትየው ለመሳለም፣ ልጆቹ ለሙከራ ሄዱ። በሞተር ጀልባ ረዘም ያለ መንገድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ሐይቁም ይናወጣል። ውኃ ውስጥ እንዳይገቡ ነግሬያቸው ነበር፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ውጤቱ ያልጠበቅነው ነበር። ሁላችንም የምንጨነቀው ለእናትየው ነበር። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ሩቅ እያዩ ዳዊት ሲደግሙ ምንም አልሆኑም። ያስመለሳት ልጅየዋን ነው፤ መንገዱን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ስልክ ስታይ ነበር። ማቅለሽለሹ የሚመጣው ዓይን የሚያየውና የውስጥ ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ነው። ለእሷ መድኃኒት ተዘጋጀ፤ ከመንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የሚዋጥ። ዝንጅብልም ያዙ።

እናትየው ደግሞ ከዚያ በኋላ መስቀል አደባባይ አካባቢ ባለ የሆቴል ገንዳ ከልጃቸው ጋር ሄዱ። ዋና ለመማር አይደለም። ላይፍ ጃኬት ለብሶ ውኃ ላይ መንሳፈፍን፣ በመነጽርና በቱቦ ፊትን ነክሮ መተንፈስን ለመልመድ ነው። መጀመሪያ ፈሩ፤ በኋላ ልጅየው «እማዬ፣ በቃሽ ውጪ» እያለ የሚለምናቸው ሆኑ።

ስለ ዕቃ ባጭሩ። ደረቅ ሻንጣ ጀልባ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የጨርቅ ቦርሳ ብቻ። የእናትየው መድኃኒት በእጅ ቦርሳ፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር። ጥሬ እህል፣ ዘርና ትኩስ ነገር ይቅር፤ የደሴት አገር በዚህ ጥብቅ ነው። የተፈጨ ቡና ግን ተያዘ፤ ታቿ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ጀበናም። ከሰልና ዕጣን ጀልባ ላይ አይታሰቡም፤ እሳት የጀልባ ትልቁ አደጋ ነው። በጋዝ ምድጃ፣ መልሕቅ ተጥሎ ሳለ ማፍላት እንደሚቻል ካፒቴኑን አስቀድሜ ጠየቅኩ፤ ፈቀደ።

ወንድ ልጅየው የአየር ጋን ተሸክሞ ጠልቆ መዋኘት ፈልጎ ነበር። ይህን ወደ ጉዞው መጀመሪያ፣ ሚያዝያ 23 ላይ አስገባነው። ጠልቆ የወጣ ሰው የአየር ግፊት ዝቅ ወዳለበት ከፍታ ቶሎ መውጣት ስለሚጎዳው፣ ከጥልቅ ዋና በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ይመሳሰላል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ይመለሳል፤ የአዲስ አበባ ሰው ካረፈም በኋላ እዚያው ከፍታ ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ የመጨረሻ ቀናትን ከመጥለቅ ነፃ ማድረግ ለእኛ ግዴታ ነው እላለሁ።

እንዴት ሄደ

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜን አዩ። ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የዘንባባ ጫካ ነው። በተፈጥሮ ፕራስሊንና ኪዩሪዩዝ ላይ ብቻ የሚበቅለው ኮኮ ደ ሜር እዚያ አለ፤ ፍሬው ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ዘሩም በዓለም ትልቁ ዘር ነው። ከዚያ ጀልባው።

የመጀመሪያው ሌሊት ጥሩ አልነበረም። የሸራው ገመድ ምሰሶውን እየመታ ሲያንኳኳ አደረ፤ እናትየው አልተኙም። ጠዋት ለካፒቴኑ ነገሩት፤ ገመዱን ወደ ጎን ወጥሮ አሰረው። በሁለተኛው ሌሊት ድምፁ ጠፋ። እንዲህ ያለውን ነገር መንገደኛው ካልተናገረ ማንም አያውቅለትም።

ኪዩሪዩዝ ላይ ግዙፎቹን የአልዳብራ ኤሊዎች በእጃቸው ነኩ። ደሴቲቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚገለሉባት ነበረች፤ የሐኪሙ ቤት አሁን ሙዚየም ነው። እናትየው በዕቅዱ ከተሰጠው ጊዜ በላይ እዚያ ቆዩ። ካፒቴኑ የከሰዓቱን ጉዞ ሰረዘ። ጀልባውን ለብቻ የመያዝ ጥቅሙ በዚያ ቀን ታየ። ሴን ፒዬር የምትባለው ትንሽ የድንጋይ ደሴት አጠገብ ልጆቹ ብቻ ውኃ ገቡ፤ ጥልቅ ነው። እናትየው ፊታቸውን ነክረው ዓሣ ያዩት ላ ዲግ፣ አንስ ሱርስ ዳርዣን ላይ ነው። የኮራል ግንብ ማዕበሉን ስለሚያስቀር ውኃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ረግቶ ይተኛል። ገንዳው ውስጥ የተለማመዱት እዚህ ነው የጠቀማቸው።

አንድ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለ። ልጅየዋ መድኃኒቷን ውጣ ደህና ነበረች። ሚያዝያ 29 ቦሌ ገቡ፤ ለልደታ ደረሱ።

ሸራው ሙሉ በሙሉ የተዘረጋው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ወንድ ልጅየው መሪውን የያዘውም ያኔ ነው። ከተመለሰ በኋላ ለብቻው ቢሮ መጣ። አሁን ከጓደኞቹ ጋር በሸራ ብቻ መሄድ ይፈልጋል። ለእሱ ነሐሴ ትክክለኛ ወር ነው፤ ለእናቱ የከለከልኩት የደቡብ ምሥራቅ ንፋስ እሱ የሚፈልገው ነው። ጀልባ ተከራይቶ ራሱ ለመንዳት የመሪነት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ኮርሱ በተግባር ባሕር ላይ የሚሰጥ ስለሆነ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። እስከዚያ ካፒቴን ቀጥሮ፣ ከማሄ ተነስቶ ያንን የአራት ሰዓት መንገድ በሸራ እንዲሞክረው መክሬዋለሁ። ሁለት ጓደኞቹ ፓስፖርታቸውን እያሳደሱ ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባቱንም በአንድ ላይ ሊወስዱ ተቀጣጥረዋል።